የውሃ ማጣሪያ አጠባና ከአጠባ በኋላ የሚደረግ ፈተና

እንደሚታወቀው በከፋ ዝናብ ይበዛል። ክረምቱ ሲበረታ በሺሺንዳ አካባቢ ወንዙ ቀዩን አፈር ይዞ ይደፈርሳል። ውሃን በማጣሪያ ማጥራት መልካም ነው፤ ነገር ግን ማጣሪያው ራሱ መታጠብና መፈተን አለበት።

በዛሬው ጊዜ ከሚሠራባቸው ማጣሪያዎች አንዱ እንደ ክር የቀጠኑ ቱቦዎች ያሉት ስስ ሽፋን ነው። የቀዳዳዎቹ ስፋት አንድ ሚሊሜትር ለ10,000 ቢከፈል የአንዱ እጅ ያህል ነው። ባክቴሪያ ከዚህ ስለሚበልጥ በአብዛኛው ይታገዳል። ብዙዎቹ ቫይረሶች ግን ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1892 ሩሲያዊው ኢቫኖቭስኪ ፈረንሳዊው ሻምበርላን በ1884 በሠራው የሸክላ ማጣሪያ የታመመ ትንባሆ ጭማቂ ሲያጣራ፣ የበሽታው መንስኤ አልፎ ተገኘ። ስለዚህ የተጣራውንም ውሃ ማፍላት ይበጃል።

ሽፋኑን የሚዘጋው ቆሻሻ ሦስት ዐይነት ነው። በፊቱ ላይ የተጋገረው ጭቃ የተጣራ ውሃን ከመውጫው ወደ መግቢያው በመግፋት ይለቃል። ጥቃቅን ሕያዋን የሚፈጥሩት ዝልግልግ ነገር በክሎሪን፣ ኖራማው ቅርፊት ደግሞ በኮምጣጤ ይወገዳል። ዳሩ ግን ክሎሪን የሚጎዳው ሽፋን ስላለ አስቀድሞ የሠሪውን መመሪያ ማንበብ ያሻል። ሁለቱ ከቶ አይደባለቁ፤ መርዛም ጋዝ ይወጣልና።

ከታጠበ በኋላ ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ። አንደኛ፣ ፍሰቱ ተመልሷልን? የባልዲው ውሃ ከፍታ ሁልጊዜ እኩል ሆኖ አንድ ሊትር የሚሞላበትን ጊዜ እንለካ። ለምሳሌ አዲስ ሳለ 4 ደቂቃ፣ ሲዘጋ 12፣ ከታጠበ በኋላ 5 ደቂቃ ቢፈጅ፣ 4 ለ5 ሲካፈል የቀድሞውን ፍሰት 80 በመቶ አግኝቷል ማለት ነው። 3 ደቂቃ ብቻ ቢፈጅስ? ለመደሰት አንቸኩል፤ ከአዲሱ የፈጠነ ማጣሪያ የተቀደደ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ያግዳልን? የረጠበውን ሽፋን ውሃ ውስጥ አጥልቆ፣ ሠሪው በፈቀደው ግፊት በአንድ ወገን አየር መስጠት ነው። ጤነኞቹ ቀዳዳዎች ውሃውን አጥብቀው ስለሚይዙ አየር አያሳልፉም። ከአንድ ቦታ አረፋ ሳያቋርጥ ቢወጣ ግን በዚያ ስንጥቅ አለ። የመጨረሻው ፍርድ የባክቴሪያ ምርመራ ነው።

ውድ ጓደኞቼና ወላጆች ሆይ፣ የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። የታጠበበትን ቀንና የፈጀውን ደቂቃ በደብተር እየጻፍን እንጠብቅ፤ ዐይን የማያየውን ቁጥር ያሳየናልና።