ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ሲዞር
ስለ እናቶች ማኅበርና ስለ በጎ ሥራው



ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በትክል ድንጋይ በኩል ወደ ሑመራ የሚያመራውን መንገድ የያዘ መንገደኛ፣ የደጋውን ነፋስ ወደ ኋላው ትቶ ወደ ቆላው ሲወርድ የታች አርማጭሆ ከተማ የሆነችውን ሳንጃን ያገኛል። ሳንጃ ፀሐይዋ የበረታ፣ በዙሪያዋ ማሽላና ሰሊጥ የሚዘራባት ከተማ ናት። መንገደኛው የደረሰበት ቀን ወር በገባ በ21 የዋለ እንደ ሆነ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ዕቃ ይዘው እልል እያሉ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ሲሄዱ ያይ ይሆናል። ያ የተሸፈነው ዕቃ ጽዋ ነው። ጽዋው የሚዞረው ስለ ምንድን ነው? ከጽዋውስ ጋራ አብሮ የሚዞረው ነገር ምንድን ነው? የዛሬው ንግግራችን ይህን ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ማኅበር ማለት አንድነት ማለት ነው። የጽዋ ማኅበር የሚባለው ደግሞ በአንድ ቅዱስ ወይም በአንዲት ቅድስት ስም ቃል የተገባቡ ሰዎች በየወሩ በበዓሉ ቀን እየተሰበሰቡ አብረው የሚጸልዩበት፣ አብረው የሚበሉበትና ድሀንም የሚያበሉበት አንድነት ነው። በ12 የቅዱስ ሚካኤል፣ በ16 የኪዳነ ምሕረት፣ በ21 የእመቤታችን፣ በ27 የመድኃኔ ዓለም ማኅበር ይውላል። የወንዶች ማኅበር አለ፣ የሴቶች ማኅበር አለ፣ ባልና ሚስት በአንድነት የሚገቡበትም አለ። እናቶች ግን አብልጠው የሚወዱት በእመቤታችን ስም የሚጠጣውን ነው።

ማኅበርን ከሌሎቹ የመረዳጃ ልማዶቻችን ጋራ ማደባለቅ አይገባም። ሰንበቴ የሚባለው በእሑድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የሚደረግ ግብዣ ሲሆን፣ ማኅበር ግን በየአባሎቹ ቤት በተራ የሚውል ነው። እድር ሰው ሲሞት ለመቀባበርና ለመረዳዳት የቆመ ነው። እቁብም ገንዘብ አዋጥቶ በዕጣ ለመውሰድ ነው። ማኅበር እንደ እቁብ ያዋጡትን የሚመልስ አይደለም፤ እንደ እድርም የሞትን ቀን ብቻ የሚጠብቅ አይደለም። ሰው በሕይወቱ ሳለ፣ በደኅና ቀኑ፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚጠይቀው እርሱ ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ማኅበርተኞቹ ከመካከላቸው አንድ አለቃ ይመርጣሉ፤ ይህም አለቃ በብዙ አገር ሙሴ ይባላል። ተረኛዋ እናት አስቀድማ ጠላዋን ትጠምቃለች፣ ድፎዋን ትደፋለች፣ ቀኑ የጾም ከሆነ የጾሙን፣ የፍስክ ከሆነ የፍስኩን ወጥ ታሰናዳለች። በቀኑ የንስሐ አባት መጥተው ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዳቦውንና ጽዋውን ይባርካሉ። ከዚያ በኋላ ማኅበርተኞቹ በየተራ ከጽዋው ይቀምሳሉ፤ ከደጅ ለተቀመጡት ነዳያንም ድርሻቸው ይወጣላቸዋል። በመጨረሻም ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሰጥና ያችው እናት እስከ ሌላው 21 ድረስ በቤቷ በክብር ታኖረዋለች።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ሁለት ማኅበርተኞች ተቀያይመው እንደ ሆነ ሳይታረቁ ከአንድ ጽዋ መቅመስ ነውር ነው። ስለዚህ ሙሴውና ካህኑ የጠቡን ምክንያት ጠይቀው፣ የበደለችው ክሳ፣ የተበደለችውም ይቅር ብላ እንዲታረቁ ያደርጋሉ። በጎረቤት ድንበር፣ በልጆች ጠብ ወይም በአንዲት ክፉ ቃል ምክንያት የተጀመረ ቅያሜ ዓመት ሳይቆይ በወሩ ይፈታል ማለት ነው። ዳኛ ሳይቆም፣ ወረቀት ሳይጻፍ በጽዋ ፊት የሚያልቀው ክርክር ስንት እንደ ሆነ የሚያውቁት እናቶቻችን ራሳቸው ናቸው።

ማኅበርተኛዋ ስትወልድ ገንፎ ይዘው የሚመጡት፣ ስትታመም ውኃዋን የሚቀዱላት፣ ሐዘን ሲደርስባት ከጎኗ የማይለዩ እነዚሁ እናቶች ናቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ተረት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የሚያገኝ አይመስለንም።

አድማጮቻችን፤ እንዲህ ያለው የሴቶች አንድነት በእኛ አገር ብቻ የተወሰነ አይደለም። ሥርዓታቸውና እምነታቸው ከእኛ የተለየ ሕዝቦችም ከቤት ውስጥ ጉባኤ ተነሥተው ብዙ ሥራ ሠርተዋል። ለማነጻጸር ያህል የሜቶዲስት ክርስቲያኖችን ታሪክ በአጭሩ እንመልከት፤ ዓመቶቹንም በአውሮጳውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

በ1712 ኤፕዎርዝ በምትባል የእንግሊዝ መንደር የአንድ ቄስ ሚስት የሆነች ሱዛና ዌስሊ የምትባል እናት ነበረች። ባሏ ለጉባኤ ወደ ሎንዶን ሄዶ ሳለ እሑድ ማታ ልጆቿን በማዕድ ቤቷ ሰብስባ መንፈሳዊ መጽሐፍ ታነብላቸው ጀመር። ወሬውን የሰማ ጎረቤት እየመጣ ሲጨመር ቍጥሩ ወደ 200 ደረሰ። በዚያች ማዕድ ቤት ካደጉት ልጆቿ አንዱ ጆን ዌስሊ ሲሆን፣ በኋላ ሜቶዲስት የተባለውን እንቅስቃሴ የመሠረተ እርሱ ነው።

የዚሁ የጆን ዌስሊ ተከታዮች በ1742 በብሪስቶል ከተማ የጸሎት ቤታቸውን ዕዳ እንዴት እንደሚከፍሉ ሲመክሩ፣ እያንዳንዱ ሰው በሳምንት አንዲት ፔኒ እንዲያዋጣ አንድ የመርከብ አዛዥ አሳብ አቀረበ። ስሙም ካፒቴን ፎይ ይባላል። ድሆቹ ይህን መክፈል አይችሉም የሚል ክርክር ቢነሣበት፣ ከሁሉ ድሀ የሆኑትን 11 ሰዎች ለእኔ ስጡኝ፤ በየሳምንቱ እየሄድሁ እጠይቃቸዋለሁ፤ መክፈል ያልቻሉትን እኔ እከፍልላቸዋለሁ ሲል መለሰ። ከዚህ የተነሣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እየሆኑ መደራጀት ተጀመረ። መዋጮውን ሊቀበል በየቤቱ የሚዞረው ሰው የታመመውን፣ የተጣላውንና የተቸገረውን እያየ ስለ መጣ፣ ለዕዳ መክፈያ የታሰበው ነገር የመጠያየቂያና የመመካከሪያ ማኅበር ሆኖ ቀረ።

ከዚህም በኋላ በ1869 በአሜሪካ በቦስቶን ከተማ ጥቂት የሜቶዲስት ሴቶች በክፉ የአየር ጠባይ ቀን ተሰብስበው ወደ ውጭ አገር ሴቶችን ለሥራ የሚልክ ማኅበር አቋቋሙ። አባሎቹ ከቤታቸው ወጪ እየቆጠቡ የሚያዋጡት በሳምንት ሁለት የአሜሪካ ሳንቲም ብቻ ነበር። በመባ ሣጥን ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ ልክ የሚያስደንቅ አይሆንም። በዚያ ገንዘብ በዚያው ዓመት ሁለት ሴቶች ወደ ሕንድ ተላኩ። አንደኛዋ መምህርት ኢዛቤላ ቶበርን በ1870 ሉክናው በተባለው ከተማ በገበያ መካከል በአንዲት ክፍል 6 ልጃገረዶችን ማስተማር ጀመረች፤ ያ ትምህርት ቤት አድጎ ዛሬ በስሟ የሚጠራው ኮሌጅ ሆነ። ሁለተኛዋ ዶክተር ክላራ ስዌን በባሬሊ ከተማ የሴቶች ሆስፒታል በ1874 ከፈተች። ለሆስፒታሉ መሬቱን የሰጡት የራምፑር ገዥ እስላም እንደ ነበሩ ማስታወስ ይገባል፤ በጎ ሥራ ሲታይ የሃይማኖት ልዩነት እጅ አያሳጥርም።

በእኛም አገር ቢሆን የሴቶች አንድነት ከቤት ወጥቶ ለአገር የዋለበት ጊዜ አለ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1935 የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ሊወርረን በተሰናዳበት ወራት የኢትዮጵያ ሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት ተቋቁሞ፣ ሴቶች ለቍስለኛው ፋሻ እያዘጋጁ ይሠሩ ነበር። ልዕልት ፀሐይም በስደት ሳሉ በሎንዶን የነርስ ትምህርት ተምረው እስከ መመረቅ ደርሰዋል። ወደ ጎንደር የተመለስን እንደ ሆነ ደግሞ በ18ኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ምስክር ነው። ነገር ግን እቴጌ የሚሠራው ሕንፃ በየዘመኑ አንድ ቢሆን ነው፤ በየወሩ ደጃፍ ላይ የተቀመጠውን ድሀ የሚያበላው ስሟ በታሪክ ያልተጻፈው ማኅበርተኛ ናት።

እንግዲህ ማኅበር ይህን የመሰለ ጥቅም ካለው፣ የሚያሰጋው ነገር ምንድን ነው? ዛሬ በግልጽ ልንነጋገርበት የምንፈልገው ይህን ነው። የሚያሰጋው የድግሱ መብዛት ነው። ጥንት በድፎ፣ በንፍሮና በጠላ ይውል የነበረው ማኅበር በብዙ ቦታ ከዓመት ወደ ዓመት እየተፎካከረ ሄዷል። አንዲቱ ሁለት ዓይነት ወጥ ያቀረበች እንደ ሆነ ተከታይዋ አራት ታቀርባለች፤ አንዲቱ በግ ያረደች እንደ ሆነ ሌላዪቱ ላለማነስ ትበደራለች።

ለምሳሌ ያህል ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች የምታሳድግ አንዲት የሳንጃ እናት አለች እንበል። ማሽላዋ በዚያ ዓመት አልያዘላትም። ተራዋ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው ጭንቀት ይይዛታል። ልትበደር ብታስብ መክፈያ የላትም፤ በትንሹ ላቅርብ ብትል ታፍራለች። ስለዚህ በ21 አሞኛል ብላ ትቀራለች፤ በሚከተለውም ወር ትቀራለች፤ በመጨረሻው ማኅበሩን ትተዋለች። ማኅበር ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋት ለዚህች እናት ሆኖ ሳለ መጀመሪያ የምትወጣው እርስዋ ሆነች ማለት ነው። ስትታመም የሚጠይቃት፣ ስትቸገር የሚያውቅላት ሰው አይኖርም። ድሀ አባል የማይቆይበት ማኅበር በቅዱሳን ስም ቢጠራም ማዕድ ብቻ ሆኗል።

መድኃኒቱ ግን ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። አንደኛ፣ ማኅበርተኞቹ በሙሴያቸው አማካይነት የድግሱን ልክ ይወስኑ፤ ከተወሰነው በላይ ማቅረብ እንደ ክብር ሳይሆን ሕግ እንደ ማፍረስ ይቈጠር። ልኩ ከሁሉ ድሀ የሆነችው አባል አቅም ይሁን እንጂ ከሁሉ ባለጸጋ የሆነችው አይሁን። ሁለተኛ፣ ካፒቴን ፎይ እንዳደረገው ሁሉ የሚችለው የማይችለውን ተራ ይሸከም። «እትዬ፣ ዘንድሮ አዝመራው አልሆነልሽም፤ የዚህን ወር ተራ እኔ ልያዝልሽና በሚመጣው ዓመት ትመልሽልኛለሽ» ብላ ተራዋን የምትቀበል እናት ከበግ አራጇ ይልቅ ጽዋውን አክብራለች። ሦስተኛ፣ ከድግሱ የተረፈው ጥቂት ገንዘብ በየወሩ በአንድ ሣጥን ይቀመጥ። ይህ ገንዘብ ሲጠራቀም ለወላጅ አልባ ልጅ ደብተር፣ ለታመመ ሰው የመኪና ኪራይ ይሆናል።

ይህ ሦስተኛው ነገር ለሳንጃና ለአካባቢዋ በተለይ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በነሐሴ ለአረም፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋው አገር ብዙ ወጣት ወደ አርማጭሆና ወደ ሑመራ ቆላ ይወርዳል። ይህ ሰው ዘመድ የለውም፤ የሚያድረውም በሜዳ፣ በዛፍ ሥር ነው። በዚያ ወባ ይይዘዋል፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላ አዛር የሚባለውም በሽታ ያገኘዋል። ወባ ፈጥኖ ሲጥል ካላ አዛር ግን ቀስ እያለ ነው፤ ትኩሳቱ ለሳምንታት አይለቅም፣ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ ያብጣል፤ ሳይታከም የቀረ እንደ ሆነም ይገድላል። ሕክምናው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይገኛል። ይህ ዩኒቨርሲቲ የተነሣው በ1947 ዓ.ም. ከተከፈተው የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ ሲሆን፣ ለኮሌጁ መከፈት አንዱ ምክንያት ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በደምቢያ ተነሥቶ ብዙ ሺሕ ሰው የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ሐኪም እያለ፣ መድኃኒትም እያለ የመንገዱን ዋጋ አጥቶ ከዛፍ ሥር የሚቀር እንግዳ እንዳይኖር የእናቶች ሣጥን ብዙ ሊሠራ ይችላል። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈውን ሰው ወባ ነው ብሎ ዝም ከማለት ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ መምከር ደግሞ ገንዘብም አይጠይቅም።

አንዳንድ ሰው ይህ የመንግሥትና የሐኪም ሥራ ነው እንጂ የማኅበርተኛ ሥራ አይደለም ይል ይሆናል። ነገር ግን ሐኪም በሽተኛውን ወደ እርሱ ሲያመጡለት ያክማል፤ በየደጃፉ እየዞረ ማን እንደ ታመመ አያውቅም። ይህን የምታውቀው ውኃ ልትቀዳ፣ እንጨት ልትለቅም፣ ገበያ ልትውል የወጣችው እናት ናት። የሜቶዲስት ሴቶች በሁለት ሳንቲም ሐኪም እስከ ሕንድ የላኩት ባሕር ተሻግረው ነው። የሳንጃ እናቶች የሚሻገሩት ባሕር የለባቸውም፤ እንግዳው ራሱ ደጃቸው ድረስ መጥቷል።

እንግዲህ ጽዋው በሚመጣው 21 ከተራ ወደ ተራ ሲተላለፍ፣ ማኅበርተኞቹ ሁለት ጥያቄ እንዲጠያየቁ እናሳስባለን። ከመካከላችን በዚህ ወር ያልመጣችው ማን ናት? ከደጃችንስ የተቀመጠው እንግዳ ማን ነው? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በየወሩ የሚጠየቁበት ማኅበር ድግሱ አነሰ ተብሎ የሚታማ አይሆንም።

 ለወሩ በዓል በሰላም ያድርሰን።