የጋይንት ጭድ፦ ወደ በረት ወይስ ወደ ፋብሪካ?

በደቡብ ጎንደር፣ የድጓ ምስክር በሆነችው በጋይንቷ ቤተ ልሔም አካባቢ፣ ቤት የሚሠራ ገበሬ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክቶ ግድግዳውን ይመርጋል። ጭዱ ጭቃውን አስሮ ስለሚይዘው ምርጉ ሲደርቅ በቀላሉ አይሰነጣጠቅም። በውጭ አገር ቤተ ሙከራዎች ደግሞ ከዚሁ ከአፈርና ከተክል ጥምረት ብርሃን የሚያሳልፍ ጠንካራ ስስ ሉህ እየተሠራ ነው።

አሠራሩ ከምርጉ የራቀ አይደለም። ሴሉሎስ የተባለው የተክል ጭረት ለዓይን እስከማይታይ ድረስ ይቀጥናል፤ ከሸክላ ማዕድን ቅንጣቶች ጋር በውሃ ተደባልቆም እንደ ወረቀት ተጠልሎ ይደርቃል። የስዊድንና የፊንላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ያደረጉት ውጤት እንዲህ ያለው ሉህ እሳትን እንደሚቋቋምና ኦክሲጅን እንደማያሳልፍ አሳይቷል። ይህ ለምግብ ማሸጊያ ትልቅ ነገር ነው።

ጉዳዩ ለአገራችን ነጋዴ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ የፌስታል ምትክ ፍለጋው ተጠናክሯል። ለሸክላው በኩል በአፋር የቤንቶናይት ክምችት አለ። ጭዱም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አውድማዎች ይገኛል፤ ከወረታ ወልድያ የሚያልፈው መንገድም ንፋስ መውጫን ያቋርጣል።

ይሁን እንጂ ሂሳቡ በጥንቃቄ መሠራት ይኖርበታል። በጭድ ውስጥ ያለው ሴሉሎስ ከሲሶው ብዙም አይበልጥም። ጭድ ደግሞ ክብደቱ ትንሽ፣ የሚይዘው ቦታ ብዙ ነው። ጭድ ጭኖ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ማለት ለትርፍራፊ የመኪና ኪራይ መክፈል ነው። ትርፉ ያለው ሴሉሎሱን እዚያው አጠገብ ከሚለየው ፋብሪካ ላይ ነው፤ እሱም ኮስቲክ ሶዳ፣ ብዙ ውሃና የፍሳሽ ማጣሪያ ይጠይቃል። ሉሁም ቢሆን እርጥበት ሲያገኘው ስለሚዳከም ለቅመማ ቅመምና ለብስኩት እንጂ ለሥጋና ለአትክልት ገና አልደረሰም።

ከሁሉ በላይ ጭድ በጋይንት የበሬ ቀለብ ነው። ጭዱ ተጠራርጎ ቢሸጥ በሬው ይከሳል፤ በሬው ከከሳ እርሻው ይዳከማል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚገዛ ጭድም አይኖርም። በመሆኑም በዚህ መስክ ገንዘቡን ለማፍሰስ የሚያስብ ባለሀብት ከማሽኑ ዋጋ በፊት የመኖውን ዋጋ ቢጠይቅ ይበጀዋል።