ጉልበትና ትንፋሽ፦ ከጫንጮ አምባ እስከ ማዕድን ጉድጓድ

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ተጉዞ ሱሉልታን በማለፍ ጫንጮ የሚደርስ ሰው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ስፍራ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በሱሉልታ ሜዳ አትሌቶች ይሮጣሉ፤ ከጫንጮ በስተምዕራብ በደርባና በሙገር አቅጣጫ ደግሞ ለሲሚንቶ የሚሆን የኖራ ድንጋይ ይቆፈራል። ለሯጩም ሆነ ለቆፋሪው ወሳኙ ነገር ሰውነቱ በደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን፣ ማለትም ኤሮቢክ አቅሙ ነው።

ሳንባ አየር ይስባል፤ ልብ ደም ይረጫል፤ ጡንቻም በደም የመጣለትን ኦክስጅን ተጠቅሞ ከምግብ ኃይል ያወጣል። አንድ ሊትር ኦክስጅን 20 ኪሎ ጁል ያህል ኃይል ያስገኛል። በሥራ ፊዚዮሎጂ የተለመደው መመሪያ ስምንት ሰዓት የሚዘልቅ ሥራ ከአቅም አንድ ሦስተኛውን እንዳያልፍ ይመክራል። አቅሙ በደቂቃ 3 ሊትር የሆነ ሠራተኛ 1 ሊትር የሚጠይቅ ሥራ ቀኑን ሙሉ ሊዘልቅበት ይችላል፤ አቅሙ 2.4 ሊትር ለሆነው ባልደረባው ግን ልኩ 0.8 ሊትር ነው። ሁለቱ እኩል አፈር በአካፋ ሲዝቁ ቢውሉ አስቀድሞ የሚዝለው ሁለተኛው ነው።

ከፍታ ይህን አቅም ይቀንሳል። ከ1,500 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ስለሚጎድል፣ ከቆላ መጥቶ በጫንጮ ሥራ የሚጀምር ሰው ከአቅሙ አንድ አሥረኛውን ያጣል። የሚያነሣው ድንጋይ ግን አይቀልለትም። ማሞ ወልዴ በጥቅምት 1961 ዓ.ም. 2,240 ሜትር ከፍታ ባላት ሜክሲኮ ሲቲ የማራቶን ወርቅ ያገኘው በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ነበር፤ ይህም አበበ ቢቂላ ከአራት ዓመት በፊት በቶኪዮ ካስመዘገበው ሰዓት በስምንት ደቂቃ ያህል ይዘገያል።

ከመሬት በታች ባለ የማዕድን ጉድጓድ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ወደ ጥልቀቱ በተወረደ ቁጥር ዓለቱ ይሞቃል፤ እርጥበት የበዛበት አየርም ላብ እንዳይተን ያደርጋል። ልብ በአንድ ጊዜ ለጡንቻ ኦክስጅን፣ ለቆዳ ደግሞ ሙቀት የሚያስወጣ ደም ማድረስ ይኖርበታል። አቅሙ ዝቅተኛ የሆነ ሠራተኛ ፈጥኖ ይግላል፤ አደጋ ቢደርስም ሮጦ የሚያመልጥበት ትርፍ ትንፋሽ አይኖረውም። በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድናት አዲስ ሠራተኞች ከሙቀቱ ጋር በሂደት እንዲለማመዱ የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የሥራን ጫና ለካቦ ዓይን ብቻ መተው አይገባም። ደረጃ በተወሰነ ፍጥነት አስወጥቶና አስወርዶ የልብ ምት መቁጠር የሠራተኛውን አቅም ለመገመት ይረዳል። ትከሻው የሰፋ ሁሉ ትንፋሹ ሰፊ አይደለም።