የመንገድ ገንዘብ ለገጠርና ለከተማ የሚከፈልበት ሚዛን

መንገድ ለአንድ አገር እንደ ደም ሥር ነው። ደሙ በዋናው ሥር ብቻ ተመላልሶ ወደ ጣት ባይደርስ ጣቱ ይደነዝዛል፤ ዋናው ሥር ቢዘጋም መላው አካል ይታመማል። ስለዚህ መንግሥት ለመንገድ የመደበውን ገንዘብ ለገጠርና ለከተማ ሲያካፍል፥ ሥራው የሒሳብ ብቻ ሳይሆን የፍርድም ሥራ ነው።

በኢትዮጵያ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በ1943 ዓ.ም. በአዋጅ ሲቋቋም፥ የመጀመሪያ ተግባሩ የተበላሹትን ታላላቅ መንገዶች ማደስ ነበር። ይህም ለዘመኑ የተገባ ነበር፤ ነገር ግን አብዛኛው ባላገር ከአውራው ጎዳና ርቆ እህሉን በአህያና በትከሻ እያመላለሰ ኖረ። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር የአገሪቱ መንገድ ርዝመት 26,550 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. ከ110,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ከጭማሪውም ታላቅ ክፍል የተገኘው፥ ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት በ2003 ዓ.ም. ከተጀመረው ሥራ ነው።

የከተማው ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በከተማ አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ በቀን ብዙ ሺህ ተሽከርካሪ ይሸከማል። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድም ዋና ገቢው በነዳጅ ላይ ከተጣለው ክፍያ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ከተሽከርካሪዎቹም እጅግ ብዙዎቹ የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ከተሜው «ከፋዩ ተቀባይ ይሁን» ይላል።

ይሁን እንጂ የነዳጁ ክፍያ በመኪናው ባለቤት ላይ አይቀርም። በማጓጓዣ ዋጋ ላይ ታክሎ ባላገሩ በሚገዛው ጨውና ማዳበሪያ ላይ ያርፋል። ከተማው የሚበላው ጤፍ፥ ወደ ውጭ አገር የሚላከውም ቡና የሚነሣው ከገጠር ነው። በመረሬ አገር ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ ማዳበሪያው ከዘር ጊዜ በኋላ ይደርሳል፤ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ትጓዛለች። የመንገድ መበላሸት ለከተሜው መዘግየት ነው፤ ለባላገሩ ግን ፈጽሞ መቅረት ነው።

እንግዲህ ቅን አከፋፈል የሚገኘው ሁለቱን ገንዘብ በመለየት ነው። ለአዲስ መንገድ የሚመደበው የመንግሥት ገንዘብ ወደ ገጠር ማድላት ይገባዋል፤ ከተማው ከመሬት ኪራይና ከቤት ግብር የሚያገኘው ሌላ ከረጢት አለው፤ መንገድ በወጣለት ቁጥርም የመሬቱ ዋጋ ከፍ ይላል። ለጥገና የሚመደበው ገንዘብ ግን ለማንም ሳያደላ፥ መንገዱ በሚሸከመው ሸክምና በደረሰበት ጉዳት መጠን ይከፈል።

ከዚህም ጋራ፥ ድልድዩና የውሃ ማሳለፊያው ያልታሰበለት፥ ጠጋኝም ያልተመደበለት የገጠር መንገድ አይከፈት። እንዲህ ያለውን መንገድ የአንድ ክረምት ጎርፍ ይቆርጠዋል፤ ኪሎ ሜትሩ ግን በመዝገብ ላይ ተቈጥሮ ይኖራል። የትኛው ወንዝ በሐምሌ እንደሚዘጋ የቀበሌው ሹምና የአጥቢያው ካህን ያውቃሉና፥ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት እነርሱ ይጠየቁ። ባለሥልጣንም በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡን ሲዘጋ፥ ስንት ኪሎ ሜትር ተከፈተ ከማለት ይልቅ ስንቱ ክረምቱን አሳልፎ ቆመ ብሎ ይመርምር።