ተጨማሪ መረጃ፦ የተዋናይ ድምፅ የማን ነው?

የቅጂ መብት የሚጠብቀው የተቀዳውን ሥራ እንጂ የሰውየውን ድምፅ አይደለም፤ ቅጂው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአምራቹ ንብረት ነው። የአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ተዋንያን እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ ያቆሙት ይህ ክፍተት ስላሰጋቸው ነው። ማኅበራቸው ከጌም አምራቾች ጋር ያደረገውና በ2025 የጸደቀው ስምምነት ድምፃቸውን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለማባዛት ፈቃዳቸውን መጠየቅን ግዴታ አደረገ፤ አድማ ላይ ሳሉም በአዲስ ሥራ ላይ የሰጡትን ፈቃድ ማገድ ይችላሉ። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ አለዚያ ተዋናዩ ሥራ ቢያቆምም ድምፁ ለአሠሪው መሥራቱን ይቀጥል ነበር።

ፈቃድ መጠየቅ ቴክኖሎጂን ያደናቅፋል የሚሉ አሉ። በ2025 ሥራ ላይ የዋለው የካሊፎርኒያ ሕግ ግን ማባዛትን አልከለከለም፤ ውድቅ የሚያደርገው፣ ተዋናዩ ራሱ ሊሠራው ይችል የነበረውን ሥራ ለሚተካ ቅጂ፣ አገልግሎቱ በግልጽ ሳይዘረዘርና ጠበቃ ወይም የሠራተኛ ማኅበር ሳይወክለው የተፈረመን የውል አንቀጽ ነው። ያላግባብ የሚጎዳው አምራች የለም። የተዋንያኑ ማኅበር የተፈራረመው ስምምነት ያልፈረሙትን ስለማያስገድድ፣ እንዲህ ያለው ሕግ በሌሎች ግዛቶችም ሊወጣ ይገባል።