ሆድን መሙላትና ሰውነትን መገንባት

ምግብ ሆድን ለመሙላት ብቻ የሚበላ ነገር አይደለም። ኃይልና ሙቀት ይሰጣል፤ ሰውነትን ይገነባል፤ ከበሽታም ይከላከላል። ይሁን እንጂ ሰው ምግቡን የሚመርጠው በጥቅሙ ብቻ አይደለም፤ ልማዱ፣ የገንዘብ አቅሙና የአካባቢው ሁኔታ ይወስኑታል። ስለዚህ ለጎልማሶች የሚሰጥ የአመጋገብ ትምህርት እነዚህን ሁሉ ማገናዘብ አለበት። ለዚህም የጅቡቲ ከተማ ጥሩ ምሳሌ ናት።

ጅቡቲ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ የምትገኝ ሞቃት የወደብ ከተማ ናት። አገሩ ደረቅ ስለሆነ የሚታረሰው መሬት እጅግ ጥቂት ነው። በመሆኑም ስንዴው፣ ሩዙና ዘይቱ በመርከብ ይመጣል፤ አትክልትና ፍራፍሬም በብዛት ከኢትዮጵያ ይገባል። የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደሮች ከጥንት ጀምሮ የግመል፣ የፍየልና የበግ ወተት ዋነኛ ምግባቸው ነበር። ወደ ከተማ የገባው ቤተሰብ ግን መንጋውን ትቶ ከሱቅ ሸማች ሆነ። በወተት ፈንታ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታ የዕለት ምግቡ ሆኑ። እነዚህ ኃይል ይሰጣሉ እንጂ ብቻቸውን የሰውነትን ፍላጎት አያሟሉም። ስለዚህ ሆዱ የጠገበ ሰው እንኳ በደም ማነስ ሊጠቃ ይችላል። ስኳርና ዘይት አብዝቶ የሚወፍር ሰው ለስኳር በሽታ፣ ጨው የሚያበዛም ለደም ግፊት ይጋለጣል።

ጎልማሳ ለብዙ ዓመታት ሲያበስልና ሲመገብ የኖረ ሰው ነው። «የምትበላው ጎጂ ነው» ቢባል ይሰማል እንጂ በቀላሉ አይለወጥም። ስለሆነም ትምህርቱ በእጁ ካለው ነገር መነሣት ይኖርበታል። ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ ዓሣ ጥሩ የገንቢ ምግብ ምንጭ ነው፤ ዓሣ ያልለመደ ቤተሰብ ግን በንግግር ሳይሆን አብስሎ በመቅመስ ይማራል። ምስር ላይ ሎሚ ቢጨመቅ ሰውነት በምስሩ ውስጥ ያለውን ብረት በይበልጥ ይጠቀምበታል። ሻይ ግን ይህን ስለሚቀንስ ከምግብ ጋር ባይጠጣ ይመረጣል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ጎልማሳ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው፣ ቢያንስም 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። አምስት ግራም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ስለሆነ በማንኪያ ቢታይ ከቁጥሩ ይልቅ ይገባል።

በ1969 ዓ.ም. የተቋቋመው የጅቡቲ ብሔራዊ የሴቶች ኅብረት ለሴቶች የመሠረተ ትምህርት ይሰጣል። ማንበብና መጻፍ የሚማሩ እናቶች በሚሰባሰቡበት ቦታ ስለ ምግብም ማስተማር ይቻላል። ሆኖም የምታበስለዋ ሴት ብቻ ብትማር በቂ አይሆንም። የቤቱን ገንዘብ የሚያወጣው ባል ከሆነ እርሱም መማር አለበት። በከተማይቱ በሰፊው የሚቃመው ጫት የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፤ ለልጆች ምግብ ሊውል የሚችለውንም ገንዘብ ይወስዳል። እናት ምን መግዛት እንዳለባት ብታውቅም በእጅዋ ገንዘብ ከሌለ ዕውቀቷ ከድስቱ አይገባም።

እንግዲህ መልካም አመጋገብ በአንድ ቀን ንግግር የሚገኝ ሳይሆን በቤተሰቡ ስምምነት ቀስ በቀስ የሚለመድ ነው። ዛሬ ከሻይ ላይ የተቀነሰች አንዲት ማንኪያ ስኳርና በጫት ፈንታ የተገዛ ዓሣ የነገውን ልጅ ጤና ይጠብቃሉ።