ከግድግዳው ጀርባ ምን አለ?

አዘና የሚገኘው የእናቴ ቤት ሳሎን ግድግዳ ባዶ ቦታ የለውም። የማርያም ሥዕል፣ የሦስት ዓመት ካላንደር (የቆዩትን መጣል አትወድም)፣ የአባቴ ጉርድ ፎቶ፣ ከዚያ ደግሞ የልጅ ልጆቿ የምርቃት ፎቶዎች በተርታ ተሰቅለዋል። ካቻምና የእህቴ ልጅ ተመረቀችና ፎቶዋን ባለ መስታወት ትልቅ ፍሬም ውስጥ አድርጋ ላከችላት። እናቴ ቦታውን ወዲያው መረጠች፤ ከመደቡ በላይ።

ከአዲስ አበባ የመጣሁት እኔ ስለነበርኩ አዋቂ መስዬ ቀረብኩ። እንጅባራ ላይ ፊሸርና ብሎን ገዝቼ፣ ድሪል ተውሼ፣ ግድግዳውን በስቼ ሰቀልኩት። ያምራል ተባልኩ። ማታ እራት ላይ ሳለን ወደቀ። መደቡ ላይ ተኝቶ ከነበረው የወንድሜ ልጅ ራስ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። መስታወቱ ብርድ ልብሱ ላይ ተበተነ። ልጁ አልነቃም፤ እኛ ግን እስኪነጋ አልተኛንም።

ጠዋት እናቴ፣ «አንተ ልጅ፣ ጭቃ መች ይይዛል? እንጨቱን ፈልገህ አትመታም?» አለችኝ። በጣቷ አንጓ ግድግዳውን እያንኳኳች ሄደች። አንዱ ጋ ድምፁ ልል ነው፤ አንዱ ጋ ሲደርስ ድፍን ይላል። ድፍኑ ቋሚው ነው። የጭቃ ቤት ጥንካሬው ቋሚውና ማገሩ ነው፤ ጭድ የተቦካበት ጭቃ ልብሱ ነው። ድሮ ይህን የሚያውቁ ቤት ሠሪዎች ግድግዳው ሳይመረግ በፊት ባላ እንጨት ከማገሩ ጋር አስረው መስቀያ ያስቀሩ ነበር።

ለነገሩ ፊሸር ምን እንደሆነ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ስሙ የሰው ስም ነው። ጀርመናዊው አርቱር ፊሸር የሚለጠጠውን የናይለን መሰኪያ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ቀደም ሲል ደግሞ አዲስ የተወለደች ልጁን ፎቶ ለማስነሳት ሲያስብ ከካሜራው ጋር አብሮ የሚበራ ፍላሽ ፈልስፏል። እኛ የልጆቻችንን ፎቶ የምንሰቅልበት ዕቃ የሌላ አባት ሥራ መሆኑ ደስ ይላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ብሎኑ ሲገባ ፕላስቲኩን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ፕላስቲኩ ደግሞ የቀዳዳውን ግድግዳ ይጫናል። የሚይዘው ያ ጫና ነው። ስለዚህ የሚጫነው ጠንካራ ነገር ከሌለ ፊሸሩ ምንም አያደርግም። በጭቃ ግድግዳ ላይ ጭቃውን ፈርፍሮ ይወጣል።

ብሎኬት ላይስ? ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ ጠንካራው ክፍል ከልስኑ ቀጥሎ ያለው ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ነው። ድሪሉን መዶሻው ላይ አድርጎ የሚበሳ ሰው ይህንን ስስ ክፍል ከጀርባው ይሰብረዋል። መዶሻውን አጥፍቶ ቀስ ብሎ መብሳት ይሻላል፤ ባለ 6 ሚሊ ፊሸር በባለ 6 ሚሊ መብሻ ነው፤ «ትንሽ ይስፋ» ማለት የለም።

ከሁሉም የሚያታልለው ጂፕሰም ነው። አሁን አሁን በከተማ አንዱን ክፍል ለሁለት ከፍሎ ለልጆች መኝታ ማድረግ ተለምዷል። ቀለም ሲቀባ ከብሎኬት አይለይም፤ ቦርዱ ግን ብዙውን ጊዜ 12.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ብቻ ነው ያለው፤ ከጀርባው አየር ነው። ተራ ፊሸር እዚያ የሚጫነው የለም። ለመስታወትና ለፎቶ ከቦርዱ ጀርባ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋውን ዓይነት ይጠይቁ፤ ዕቃ መሸጫ ሄደው «ለጂፕሰም የሚሆን» ካሉ ይገባቸዋል። ከባድ ነገር ግን ቦርዱን ሳይሆን ውስጥ ያለውን የብረት ቋሚ ማግኘት አለበት። ከተበላሸ ሬዲዮ ስፒከር የወጣ ማግኔት ግድግዳው ላይ ቢያንሸራትቱ ቦርዱ የታሰረባቸው ብሎኖች ጋ ሲደርስ ይለጠፋል። የእናቴ ማንኳኳት በማግኔት ማለት ነው።

ቴሌቪዥንን በተመለከተ እኔ በጂፕሰም ላይ አልሰቅልም። ክንዱ ወደ ፊት የሚወጣ መስቀያ ከሆነማ ጭራሽ፤ ወደ ፊት በተሳበ ቁጥር የላይኛውን ብሎን ነቅሎ ለማውጣት ይታገላል። ዝቅ ያለ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወደ ኋላ በማሰሪያ ማሰር ይሻላል፤ ልጆች ይንጠለጠሉበታልና። ከማብሪያ ማጥፊያና ከሶኬት በላይም ሆነ በታች በቀጥታ መብሳት ደግሞ ኤሌክትሪክ መንካት ሊሆን ይችላል።

የእህቴ ልጅ ፎቶ አዲስ መስታወት ገብቶለት ተመልሷል። እናቴ ባገኘችው ቋሚ ላይ በረጅም ሚስማር ተመትቷል። ቋሚው የተገኘው ግን ከበሩ አጠገብ ስለሆነ ከሌሎቹ ተርታ ወጥቷል። ለማስተካከል ብለምናትም እምቢ አለች። «እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያያት እሷን ነው» ትላለች። መደቡ በላይ ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ካላንደር እንኳ አልተሰቀለበትም።